ቀላል ዮጋና የቡድን ምክክር በአንድ ላይ፦ ከዓረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች ቡድን እንዴት ይመራል?

ዮጋንና የቡድን ምክክርን አጣምረው የሚጀምሩ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚፈርሱት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ሙሉ ታሪኳን ትዘረግፋለች። ሁሉም ያለቅሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ተናጋሪዋ ትቀራለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ዮጋው እንደ ጂም ስፖርት ይመራል፤ ወገቧን የሚያማት ሴት መከተል ያቅታትና ታፍራለች። አንዳንዱ ጋ አንድ ሰዓት ዮጋ፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ወሬ ይደረግና ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ለአእምሮ ሕክምና ነርሶች፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞችና አብረዋቸው ለሚሠሩ የዮጋ አሠልጣኞች ነው። ምሳሌ የማደርገው ከዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት ለተመለሱ ሴቶች አዲስ አበባ ውስጥ የሚዘጋጅ ቡድንን ነው። ሐዘን ለደረሰባቸው ወይም ለተፈናቀሉ ሰዎች ቡድን የምትመሩም ቅደም ተከተሉን እንዳለ መጠቀም ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ለዓመታት "ነይ፣ ሂጂ፣ ተነሺ" ሲባሉ ኖረዋል። ፓስፖርታቸው ተይዞባቸው፣ በር ተቆልፎባቸው፣ እንቅልፍ ተነፍገው ሠርተዋል። መቼ እንደሚተኙ፣ መቼ እንደሚበሉ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ እናንተ ጋ ሲመጡ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱን ንግግር ራሳቸው መምረጥ አለባቸው። የሚያዝዝ አሠልጣኝ፣ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ የቀድሞዋን "ማዳም" ያስታውሳቸዋል።

ደረጃ 1፦ መሪዎቹን ለዩ

1. ሁለት ሁኑ። አንዷ የቡድን ምክክር የሠለጠነች ባለሙያ ትሁን። ሁለተኛዋ እንቅስቃሴውን ትምራ። አንዷ ስትመራ ሌላዋ ፊት ታነባለች፦ ማን ትንፋሿ አጠረ? ማን ዓይኗ ፈዘዘ? ማን በሩን በሩን ታያለች?

2. የሠለጠነ ባለሙያ ካላገኛችሁ የምክክሩን ክፍል አትጀምሩ። እንቅስቃሴውንና አጭር "እንዴት ሰነበታችሁ?" ብቻ አድርጉ። ይህም ይጠቅማል። ያልሠለጠነ ሰው ቁስል ከፍቶ መዝጋት ሲያቅተው ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

3. እናንተም የሚያማክራችሁ ልምድ ያለው ባለሙያ ይኑራችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ተገናኙ። የሰማችሁትን ብቻችሁን ተሸክማችሁ አስር ሳምንት መዝለቅ አትችሉም።

መሪዎቹ ሴቶች ቢሆኑ ይመረጣል። ለወንድ መሪ አማራጭ ከጠፋ ተሳታፊዎቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። "አይ" ያለች አንዲት ሴት ካለች ይበቃል፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዷን ለብቻዋ አነጋግሩ

ሰው የሚቸኩልበት ደረጃ ይህ ነው። ዝርዝር ከጽሕፈት ቤት ተቀብሎ በማግሥቱ አዳራሽ መሙላት ቀላል ነው። አታድርጉት። ለእያንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ስጡና እነዚህን ጠይቁ፦

1. ሰውነት። እርግዝና፣ የደም ግፊት፣ የዓይን ግፊት፣ የዲስክ መንሸራተት፣ የሚጥል በሽታ፣ በቅርብ የተደረገ ቀዶ ሕክምና አለ? የወገብና የጉልበት ሕመም በዚህ ሥራ በኖሩ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው። የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያማት ጻፉ።

2. መድኃኒት። አሚትሪፕቲሊን ወይም ክሎርፕሮማዚን የምትወስድ ሴት ከተቀመጠችበት ድንገት ስትነሣ ሊያዞራት ይችላል። እንዲህ ያለችው ተሳታፊ ሁልጊዜ ወንበር ይዛ፣ ቀስ ብላ ትነሣ። "ዮጋ ጀምሬያለሁ" ብላ መድኃኒቷን እንዳታቆም በግልጽ ንገሯት።

3. አእምሮ። እንቅልፍ፣ ቅዠት፣ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ለሌላው የማይሰማ ድምፅ መስማት፣ መጠጥ፣ ጫት። ፒ.ኤች.ኪው.-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ስላለና አዲስ አበባ ውስጥ ስለተፈተሸ ተጠቀሙበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። መልሱ "በፍጹም" ካልሆነ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከትታችሁ አታሰናብቷት፤ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት።

4. ትውውቅ። ከቡድኑ አባላት ጋር ዘመድ ወይም ጎረቤት ናት? በአንድ ኤጀንሲ የሄዱ፣ አንድ መጠለያ የቆዩ ሴቶች ሊተዋወቁ ይችላሉ። ስም ሳትጠሩ ከየትኛው ሰፈር እንደሆነች፣ የት እንደቆየች ጠይቁና ራሳችሁ አመዛዝኑ።

5. ፈቃድ። "መቅረት ብትፈልጊ ማንም አይቀየምሽም" በሏት። ከቡድኑ ጎን ለጎን ሌላ ድጋፍ፣ ለምሳሌ ሥልጠና ወይም የመነሻ ገንዘብ የምታገኝ ከሆነ፣ ያኛው በዚህ መገኘት ላይ እንዳልተመሠረተ አረጋግጡላት።

ቡድኑን ለጊዜው ማን አይቀላቀል? ሰሞኑን ራሷን ለማጥፋት ያሰበችና ዕቅድ ያላት፣ ከእውነታው የራቀ ነገር የምታይና የምትሰማ፣ ከመጠጥ ሳትወጣ የምትመጣ። እነዚህን በባዶ እጅ አትመልሷቸው። ሕክምና የሚያገኙበት ቦታ ወስዳችሁ አገናኟቸው፤ ሲረጋጉ በሚቀጥለው ዙር ይገባሉ።

የቡድኑ መጠን ከ6 እስከ 8 ይሁን። ከ10 ካለፈ የሚደበቅ ሰው ይበዛል። ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው አታስገቡ።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን አዘጋጁ

1. በሩ አይቆለፍ። ቁልፉም ከውስጥ በኩል አይሰካ። ተቆልፎባት የኖረች ሴት የቁልፍ ድምፅ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቡ። እንግዳ እንዳይገባ ከውጭ አንድ ሰው ቁጭ ይበል።

2. ወንበሮቹን በክብ ደርድሩ፣ ጀርባቸው ግድግዳ ጋ ይድረስ። ከኋላዋ ሰው የሚመላለስባት ሴት አትረጋጋም።

3. የፕላስቲክ ወንበር ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ የኋላ እግሩም ይታጠፋል። ብረት ወይም እንጨት ካገኛችሁ ተውት። ሌላ ከሌለ ከሥሩ ሰሌን ወይም ቀጭን ምንጣፍ አንጥፉ፣ ግድግዳው ጋ አስደግፉት።

4. ለእያንዳንዷ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አዘጋጁ። ሰውነት ሲረጋጋ ይበርዳል። መሸፋፈን የምትፈልገውም ትሸፈንበታለች።

5. እጣን አታጭሱ። አስም ያለባት ልትኖር ትችላለች። ደግሞ ሽታ ማንም ባላሰበው መንገድ ክፉ ቀን ይጠራል። በረኪናና ሌላ ጠንካራ የጽዳት ኬሚካል የሚሸት ክፍልም እንደዚሁ። ቀን ሙሉ በዚያ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ክፍሉን ከዋዜማው በውኃ ብቻ አስጠርጉ።

6. ውኃ፣ ሶፍት፣ የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱ ለሁሉም በሚታይበት ይሰቀል። መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ በራሱ ያረጋጋል።

ልብስን በተመለከተ ምንም ልዩ ነገር አትጠይቁ። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሂጃብ ለብሰው የሚሠሩት እንዲሆን ነው እንቅስቃሴው ወንበር ላይ የተዘጋጀው።

የሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል

እንዲነሣ አትጠብቁ፤ እናንተው አንሡት። "ዮጋ የሌላ እምነት አምልኮ አይደለም ወይ?" ብላ በልቧ እያሰበች ዝም የምትል ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ትኖራለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ አታቃልሉት። የምትሠሩትን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯት፦ እጅና እግር ማንቀሳቀስ፣ ትንፋሽን ማስተዋል፣ ማረፍ። የሳንስክሪት ቃል አይባልም፣ ዜማ አይዜምም፣ መዳፍ ገጥሞ እጅ መንሣት የለም፣ ስግደት የሚመስል አቀማመጥም የለም። አሁንም የሚከብዳት ካለች "ቀላል እንቅስቃሴ" ብላችሁ ጥሩት፤ ወይም በዚያ ሰዓት ዝም ብላ እንድትቀመጥ ፍቀዱ።

ጾምንም አስቡ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ በረመዳን ውኃም የማይጠጡ ይኖራሉ። በእነዚህ ወቅቶች ስብሰባውን ወደ ጠዋት አምጡ፣ የቁም እንቅስቃሴዎቹን አስቀሩ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን

በዚህ ቀን ማንም ታሪክ አይናገርም። ይህን በጥብቅ ያዙ። የምታደርጉት ስም መተዋወቅ፣ የአስር ደቂቃ እንቅስቃሴና የጋራ ደንብ ብቻ ነው። ደንቡን ከእነሱ አውጡ፤ እነዚህ ከቀሩ ግን እናንተ ጨምሩ፦

1. እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል። ስልክ ይዘጋል። ፎቶ፣ ድምፅ መቅዳት የለም። ለድርጅቱ ሪፖርት የሚሆን ፎቶም ጭምር።

2. ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜ አለ፦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ሲሆን። ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልነገራችኋቸው በኋላ እንደ ክህደት ይቆጠራል።

3. "ልለፍ" ማለት ይቻላል። ምክንያት አይጠየቅም።

4. ብሔርና የትውልድ ቦታ አይጠየቅም። ራሷ ካነሣች ሌላ ነገር ነው።

5. ቡድኑ እስኪያልቅ ድረስ ብድር መጠያየቅ የለም፣ ዕቁብም አይጀመርም። ገንዘብ መሐል ሲገባ አንዷ ታፍርና ትቀራለች።

6. እጅ መዘርጋት ማለት "ቁም" ማለት ነው። የምትናገረዋም የምትሰማዋም ልታነሣው ትችላለች። እዚያው ተለማመዱት፤ እያንዳንዷ አንዴ እጇን ታንሣ።

ደረጃ 5፦ የእያንዳንዱ ሳምንት ቅደም ተከተል

ጠቅላላው 95 ደቂቃ ነው። ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ። ሰውነት ይቀድማል፣ ንግግር ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ወደ ሰውነት ይመለሳል። በንግግር ዘግታችሁ ከላካችሁ ሴትዮዋ የተከፈተ ነገር ይዛ ታክሲ ላይ ትሳፈራለች።

ሀ. መግቢያ፣ 10 ደቂቃ

በእጅ ጣት መልስ ጠይቁ፦ ጭብጥ እጅ "ተረጋግቻለሁ"፣ አምስት ጣት "በጣም ተረብሻለሁ"። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያሳያሉ። ማብራሪያ አትጠይቁ። አራትና አምስት ያሳዩትን ረዳት መሪዋ በዓይኗ ትያዝ።

ለ. እንቅስቃሴ፣ 25 ደቂቃ

በመጀመሪያ ስለ አነጋገራችሁ። "እጃችሁን አንሡ!" አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ "ከተመቻችሁ እጃችሁን ወደ ጎን ማንሣት ትችላላችሁ። እስከ ትከሻ፣ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ። ጭን ላይ እንዳለ መተውም ይቻላል።" ሁልጊዜ ሁለት አማራጭ ስጡ፣ ሦስተኛው አለማድረግ ይሁን። "ጎበዝ" እና "ልክ ነሽ" የሚሉትንም ተዉ፤ ስትፈተን የኖረች ሴት ፈተና ላይ ያለች ይመስላታል። ማንንም ለማስተካከል አትንኩ። ከኋላ አትዙሩ። ዓይን ጨፍኑ አትበሉ፤ "ወለሉ ላይ አንድ ነጥብ ማየት ይቻላል" ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. እግር መሬት ላይ (3 ደቂቃ)። ጫማ ማውለቅ በፈቃድ ነው። ተረከዝ ወለሉን ይጫን፣ ይለቀቅ። ቀጥሎ ጣቶች። "ወለሉ ይቀዘቅዛል? ይሞቃል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ለራሳቸው ይያዙት። በኋላ በንግግሩ መሐል የምትመለሱት ወደዚህ ስለሆነ በየሳምንቱ አትዝለሉት።

2. ትከሻ (3 ደቂቃ)። አየር ሲገባ ወደ ጆሮ ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ።

3. አንገት (2 ደቂቃ)። ወደ ቀኝ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ግራ። ሙሉ ክብ አታዙሩ፣ ወደ ኋላም አታንጋሉ፤ ያዞራል።

4. ጀርባ (4 ደቂቃ)። መዳፍ ጉልበት ላይ። አየር ሲገባ ደረት ወደ ፊት፣ ሲወጣ ጀርባ ጎበጥ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራውን አታምጡ። ጥቃት ለደረሰባት ሴት ያ አቀማመጥ ራሱ አደጋ ነው።

5. ጎን (3 ደቂቃ)። አንድ እጅ የወንበሩን ጠርዝ ይይዛል፣ ሌላው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን።

6. ቀስ ያለ መዞር (2 ደቂቃ)። እርጉዞች ከደረት በላይ ብቻ። ዲስክ ያለባቸው ይዝለሉት።

7. መቆም (5 ደቂቃ)። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተረከዝ ማንሣት፣ ማውረድ። የሚያዞራት ትቀመጥ፤ ተቀምጣም ተረከዟን ማንሣት ትችላለች።

8. ዕረፍት (3 ደቂቃ)። ጋቢ ደርቦ፣ ወንበር ላይ ተደግፎ። መሬት መተኛት ከአምስተኛው ሳምንት በፊት አታቅርቡ።

ትንፋሽን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። "በረጅሙ ተንፍሱ" እያላችሁ አትደጋግሙ። ድንገተኛ ፍርሃት የሚያጠቃት ሴት አየር አብዝታ ስትስብ ጣቷ ይደነዝዛል፣ ያዞራታል፣ ፍርሃቷ ይብሳል። የሚያረጋጋው ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። እስከ 4 በልብ ቆጥሮ ማስገባት፣ እስከ 6 ቆጥሮ ማስወጣት። አምስትና ስድስት ዙር ይበቃል። ትንፋሽ መያዝና ፈጣን የሆድ ትንፋሽ እዚህ ቦታ የላቸውም።

ሐ. ውኃ፣ 5 ደቂቃ

ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከእንቅስቃሴ ወደ ወሬ መሸጋገሪያ ነው። ተነሥተው ራሳቸው ይቅዱ።

መ. ምክክር፣ 40 ደቂቃ

1. አንድ ዙር (10 ደቂቃ)። ጥያቄው ስለ ሰውነት ይሁን፦ "ስንንቀሳቀስ ምን አስተዋላችሁ? የከበደ፣ የቀለለ፣ ምንም ያልተሰማ?" "ምንም አልተሰማኝም" ሙሉ መልስ ነው። ተቀበሉት፣ እለፉ።

2. የሳምንቱ ጉዳይ (25 ደቂቃ)። አንድ ወይም ሁለት ሴት ትናገራለች፣ ለእያንዳንዷ አስር ደቂቃ ገደማ። "እዚያ ምን ደረሰብሽ?" አትበሉ። "አሁን፣ በዚህ ሳምንት ምን አስቸገረሽ?" በሉ። እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲጠራ መደንገጥ ሊሆን ይችላል። የላከችው ብር አልቆ ቤተሰቡ ማኩረፉ፣ ወይም ጎረቤት "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ማለቱ ሊሆን ይችላል። ያለፈው ነገር በራሱ ሰዓት ይመጣል። መቆፈር አያስፈልግም።

3. ምላሽ (5 ደቂቃ)። ሌሎቹ ምክር አይሰጡም። የእኛ ሰው ሲያዝን ለማየት አይችልምና ወዲያው "ተመስገን በይ፣ ከነሕይወትሽ ተመልሰሽ የለ" ይላል። በደግነት ነው፤ ተናጋሪዋ ግን አፏን ትይዛለች። በምትኩ እያንዳንዷ ስለ ራሷ ብቻ ትናገር፦ "አንቺ ስትናገሪ እኔም ደረቴ ተጨነቀ"፣ "እኔም ሌሊት እንደዚያ እነቃለሁ"። ይህን ሁለት ሳምንት ታስተምራላችሁ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ።

ሁለቱ የሚገጣጠሙት እዚህ ላይ ነው

ተናጋሪዋን እዩ። ንግግሯ ፈጠነ? ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ? እጇ ጨርቋን ጨመደደ? በዚህ ጊዜ ታሪኩን አስቁሙ፣ እሷን ግን አትተዉ። እንዲህ በሏት፦ "እየሰማሁሽ ነው። ታሪኩ የትም አይሄድም። ፈቃድሽ ከሆነ ትንሽ እንቁም። እግርሽ ወለሉን ይሰማዋል? ተረከዝሽን ጫን ማድረግ ትችያለሽ።" እናንተም የራሳችሁን ተረከዝ ተጫኑ። ቡድኑም አብሮ ይጫናል። ሃያ፣ ሠላሳ ሰኮንድ። ከዚያ ጠይቋት፦ "መቀጠል ትፈልጊያለሽ ወይስ ይብቃሽ?" የመረጠችውን አክብሩ።

ይህን በአንድ ስብሰባ ሦስት አራት ጊዜ ብታደርጉት ምንም አይደለም። ሴትዮዋ የምትማረው ነገር ከባዱን ጉዳይ ነክቶ መመለስ እንደምትችል ነው። መጀመሪያ እናንተ ታስቆሟታላችሁ፤ እየቆየ እጇን ዘርግታ ራሷ ትቆማለች። መጀመሪያ ላይ የተሠራው የእግር እንቅስቃሴ ለዚህ ካልዋለ ስፖርት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሠ. መዝጊያ፣ 15 ደቂቃ

አዲስ ጉዳይ አታስከፍቱ። በሩ ጋ ልትወጣ ስትል ከባድ ነገር የምትናገር ሴት አትጠፋም፤ "በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያውን ሰዓት ላንቺ እንያዝልሽ" በሏት፣ በመሐል ደውሉላት። ትከሻ፣ ጎን፣ እግር እንደገና ሥሩ። በክፍሉ ውስጥ ሦስት ነጭ ነገር ይፈልጉ። በጣት ይመልሱ። አሁንም አራትና አምስት ያሳየችው ለብቻዋ ሳትነጋገሩ አትውጣ።

ቡና ማፍላት ከፈለጉ ከዚህ በኋላ ይሁን። ስብሰባው ላይ ግን አይሁን፤ ልቧ ቶሎ የሚመታባትን ሴት ቡና ይረብሻታል። ለእሷ የዝንጅብል ሻይ ይኑር።

ደረጃ 6፦ አስሩን ሳምንት እንዴት ትከፋፍላላችሁ?

አስር ሳምንት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት በ64 ሴቶች ላይ ነበር። ሁሉም ለረጅም ጊዜ በቆየና በሕክምና ባልለቀቃቸው የሥነ ልቦና ጉዳት የሚሠቃዩ ነበሩ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለአስር ሳምንት እንዲህ ያለ ለስላሳ ዮጋ ከሠሩት 52 በመቶው፣ በንጽጽር ቡድኑ ከነበሩት ደግሞ 21 በመቶው የበሽታውን መስፈርት ማሟላት አቆሙ። ዮጋው የመጣው በሌላው ሕክምና ላይ ተጨምሮ ነው። ብቻውን መድኃኒት ነው ብላችሁ ለማንም አትንገሩ።

ሳምንት 1 እና 2፦ ደንብ፣ እግር፣ ትከሻ፣ ትንፋሽ። ወሬው ከሁለተኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ስለ እንቅልፍ ብቻ።

ሳምንት 3 እስከ 5፦ ሙሉው እንቅስቃሴ። ጉዳዩ ድንጋጤ፣ ቁጣ፣ ከቤተሰብ ጋር መኖር።

ሳምንት 6 እስከ 8፦ ኀፍረት። ባዶ እጅ መመለስ፣ የሰው ወሬ፣ የተነካ ክብር። ያለፈው ታሪክ ከመጣ የሚመጣው እዚህ ነው። የንግግሩን ሰዓት አታርዝሙ፤ መሐሉ ላይ የሚገባውን እንቅስቃሴ ጨምሩ።

ሳምንት 9 እና 10፦ መለያየት። ዘጠነኛው ላይ "አንድ ሳምንት ቀረን" ማለት አትርሱ። እንቅስቃሴውን በተራ እነሱ ይምሩት። ፒ.ኤች.ኪው.-9 እንደገና ሙሉ፤ ከ10 በታች ያልወረደችውን ለሕክምና ላኩ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ለቅሶ። ልቅሶ በራሱ ችግር አይደለም። ሶፍቱ በእጇ የሚደርስበት ቦታ ይኑር፤ ወስዳችሁ አታስጨብጧት። ሌሎች ሊያቅፏት ቢነሡ "ትፈቅዳለች ወይ?" ብላችሁ አስጠይቁ። ሁሉም ማልቀስ ከጀመረ ሁላችሁም ቁሙ፣ ተረከዝ አንሡ፣ አውርዱ።

መፍዘዝ። ዓይኗ አንድ ቦታ ይቀራል፣ ስትጠሯት አትመልስም። አትንኳት፣ አትክበቧት። ስሟን ጥሩ፣ ቀኑንና ቦታውን ንገሯት፦ "ዛሬ ሐሙስ ነው። አዲስ አበባ ነሽ። በሩ ክፍት ነው።" ቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ አቅርቡላት። ስትመለስ የምታየውን አምስት ነገር፣ የምትነካውን አራት፣ የምትሰማውን ሦስት እንድትቆጥር ጋብዟት። በዚያ ቀን ወደ ታሪኩ አትመለሱ። ብቻዋን ወደ ቤት አትላኳት።

ድንገተኛ ፍርሃት። "ልሞት ነው" ትላለች። "ይህ ፍርሃት ነው፣ ይወርዳል፣ እኔ እዚህ ነኝ" በሏት። ቀስ ብሎ ማስወጣቱን አብራችኋት ሥሩ። የደረት ሕመሙ ካልለቀቃት ወይም ራሷን ከሳተች ጤና ተቋም ውሰዷት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

አንዷ ሁሉንም ሰዓት ስትወስድ። በሰው ፊት አታሳፍሯት። "ያልሽውን ይዘን ሌሎቹን እንስማ" በሉ፤ ከስብሰባው በኋላ ለብቻ አነጋግሯት።

ዝምታ። ማንም ካልተናገረ ለመሙላት አትቸኩሉ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወደ እንቅስቃሴ ተመለሱ፣ እንደገና ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ከቀጠለ ምስጢር ወጥቶ ይሆናል፤ አጣሩ።

መቅረት። በዚያው ቀን ደውሉ። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሣው ስለ ቡድኑ አንዳች ነገር አትናገሩ። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው የታክሲ ብር ወይም ልጅ የሚይዝ ሰው ማጣት ነው፤ በጀት ስትይዙ ይህን አስቀድማችሁ አስቡ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ። በግልጽ ጠይቋት፦ "ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ነበር? አሁንስ?" መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። ዕቅድ ካላት አንዳችሁ ከአጠገቧ አትለዩ። በፈቃዷ የምታምነውን ሰው ጥሩ፤ ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒትና መርዛማ ነገር ከእጇ እንዲርቅ አድርጉ። ሐኪም ዘንድ አብራችኋት ሂዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ወይም ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ይህን ዓይነት ቡድን አሜሪካ የምትመሩ 988፣ እስራኤል ያላችሁ 1201 ላይ ደውሉ።

አሁንም ዓረብ አገር ካሉ ሴቶች ጋር በስልክ የምትሠሩ ከሆነ

ምክክሩን አትሞክሩት። አሠሪ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ማን እንደሚሰማት ሳታውቅ ልትናገር አትችልም። ስልኳም ሊፈተሽ ይችላል። የእግሩንና የትከሻውን እንቅስቃሴ በአጭር የድምፅ መልእክት ላኩላት፤ ሰምታ እንድታጠፋው ንገሯት። መቼ መደወል እንደሚሻል የምታውቀው እሷ ስለሆነች ሰዓቱን እሷ ትምረጥ።

ከተዘጋ በኋላ

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ አገናኟቸው። ያው 95 ደቂቃ፣ ያው ቅደም ተከተል። እንቅልፍ እንደገና የጠፋባት፣ ሥራ ያላገኘች፣ ተመልሳ ልትሄድ የምታስብ ትኖራለች። ተመልሳ ልትሄድ የወሰነችውን አትቆጧት። ውሏን የሚያይላት ሰው አገናኟት፣ የፓስፖርቷን ኮፒ የምታምነው ሰው ጋ እንድታስቀምጥ ንገሯት፣ የኤምባሲውን ስልክ በቃሏ እንድትይዝ አድርጉ።